የመኪና ኤሲ ዕቃ ተቀይሮለትም ለምን አይቀዘቅዝም? ከአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙቀቱ በሚበረታባቸው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ለኤሲ ወደ አዳማ ጋራዦች ከሚመጡት መኪኖች መካከል ዕቃ ተቀይሮላቸው ዳግም የተመለሱ አይጠፉም። ኮምፕረሰሩ አዲስ ነው፣ ጋዝ ተሞልቷል፣ የሚወጣው ነፋስ ግን ለብ ያለ ነው። ባለቤቱ «ኮፒ ዕቃ ሸጡልኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከዕቃው ጋር አብሮ መሠራት የነበረበት ሥራ ላይ ነው፦ ዘይቱ አልተለካም፣ ድራየሩ (እርጥበት መጣጩ ዕቃ) አልተቀየረም፣ አየሩ በደንብ አልወጣም፣ ጋዙም በግምት ተሞላ። ከታች ያሉት መልሶች አር 134ኤ ጋዝ ለሚጠቀሙ መኪኖች ናቸው፤ የተለየ ሲኖር በቦታው ተጠቅሷል።

ኮምፕረሰር አስቀይሬ ጋዝም አስሞልቼ አሁንም አይቀዘቅዝም። ከየት ልጀምር?

ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከመሰካትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ። ሞተሩን ያስነሱ፣ ኤሲውን ያብሩ፣ ነፋሱን የመጨረሻው ላይ ያድርጉት። ፑሌጃው ኤሲ ቢጠፋም ይዞራልና እሱን አይቁጠሩት፤ መታየት ያለበት ፊት ለፊቱ ያለው የክላች ሳህን ነው። «ቀጭ» ብሎ ተይዞ አብሮ ይዞራል? የኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ዕቃ) ፋን ተነስቷል? ከኮምፕረሰር ወደ ኮንደንሰር የሚሄደው ቱቦ እጅ የሚያቃጥል፣ ከካቢን ወደ ኮምፕረሰር የሚመለሰው ወፍራም ቱቦ ደግሞ ቀዝቅዞ ውሃ ያዘለ መሆን አለበት። ሁለቱም ለብ ካሉ ጋዝ እየተመላለሰ አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ጌጅ። የመለኪያው ሁኔታ አንድ ካልሆነ ቁጥሩ ምንም አይናገርም፦ የሞተር ዙር 1500፣ በሮች ክፍት፣ ነፋስ ከፍተኛ፣ ቅዝቃዜ የመጨረሻው፣ አየሩ ከውስጥ እንዲዞር ተደርጎ። በዚህ ሁኔታ ወደ ካቢን የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት የሚሰጡት ልክ በሰማያዊው ጌጅ (የዝቅተኛው ግፊት) ከ22 እስከ 36 ፒኤስአይ፣ በቀዩ (የከፍተኛው ግፊት) ከ199 እስከ 228 ፒኤስአይ ነው። ማለዳ ላይ ከለኩ ቀዩ ከዚህ ዝቅ ቢል አይደንግጡ።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዙ በዝቷል፣ ወይም አየር ተቀላቅሏል፣ ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማስወጣት አልቻለም። ሰማያዊው ወደ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከወረደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ ወደ ካቢኑ ማቀዝቀዣ የሚገባበት ጠባብ በር) አካባቢ ተዘግቷል። የሚያደናግረው አራተኛው ነው፦ ሰማያዊው 60 እና 70፣ ቀዩ 110 እና 120፣ ሁለቱ የሚገናኙ እስኪመስል ድረስ ተቀራርበው። ይህ ኮምፕረሰሩ እየጨመቀ አለመሆኑን ያሳያል። አሮጌ ኮምፕረሰር ከሆነ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ከሆነ ግን «ተበላሽቶ ነው የመጣው» ከማለትዎ በፊት ዓይነቱን ይዩ። ብዙ የቅርብ ጊዜ መኪኖች መጠኑን በራሱ የሚቀያይር ኮምፕረሰር አላቸው፤ ከኋላው ባለ ሁለት ሽቦ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይሰካበታል። ያ ሶኬት ካልተሰካ፣ ሽቦው ከተበጠሰ ወይም የተገዛው ኮምፕረሰር ቫልቩ የተለየ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይጨምቅም። ኮምፕረሰር ያወረደ ሰው ሶኬት ረስቶ መዝጋቱ የተለመደ ነገር ነው።

ቫኪዩም ፓምፑ (ከመስመሩ አየር የሚያወጣው) አንድ ሰዓት ሠርቶ መርፌው 24 ላይ ቆመ። 29 መድረስ አለበት ይባላል። ሊክ አለ ማለት ነው?

የለም፤ አዳማ ላይ 24 ከምናምን ጥሩ ቁጥር ነው። ጌጁ የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር እያነጻጸረ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ነው፤ 29 የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 24.5 ይወርዳል። ፓምፑ የመጨረሻዋን አየር ቢያወጣ እንኳ መርፌው ከዚያ የሚያልፍበት የለውም። ሐዋሳም ከፍታዋ ስለሚቀራረብ ነገሩ ያው ነው። ያንኑ ፓምፕ ጅቡቲ ወስደው ቢያስነሱት 29 ያሳይዎታል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ፓምፕ የተጣለበት፣ የሌለ ሊክ ሲፈለግ የተዋለበት ጊዜ አለ።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ግን የከፋ ነው። «አዳማ ከፍታ ስለሆነ ነው» ተብሎ 21 ወይም 22 ላይ የቆመ መርፌ መታለፍ የለበትም። ቫኪዩም የሚደረገው አየሩን ለማውጣት ብቻ አይደለም፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአካባቢው ሙቀት ፈልቶ በእንፋሎት እንዲወጣ ነው። ውሃ በ25 ዲግሪ የሚፈላው የቀረው ግፊት 1 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ አዳማ ላይ መርፌው ከ23.5 ካላለፈ እርጥበቱ አይፈላም፤ ፓምፑ ሙሉ ቀን ቢሠራም ዋናው ሥራ አልተሠራም። በማይክሮን የሚለካ ዲጂታል ጌጅ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልገውም፤ እሱ ትክክለኛውን የቀረ ግፊት ስለሚያነብ 500 ማይክሮን የትም ቦታ 500 ነው።

ፓምፑ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ የጌጁን ሁለት ቫልቮች ዘግተው ፓምፑን ያጥፉና 20 ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ሳያቋርጥ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ሊክ አለ። ትንሽ ተመልሶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፤ ፓምፑን መልሰው ያስነሱት።

ጋዝ በግፊት ይሞላ ወይስ በግራም?

በግራም። ኮፈኑ ሥር ወይም ራዲያተሩ አካባቢ የተለጠፈው ምልክት የጋዙን ዓይነትና መጠን ይናገራል። ትንንሽ የቤት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 500 ግራም ይይዛሉ፤ ከኋላም ኤሲ ያላቸው ሚኒባሶች ከ700 ግራም በላይ፣ አንዳንዶቹም ወደ 1 ኪሎ ይጠጋሉ። በ400 ግራም መኪና ላይ 100 ግራም መሳሳት ሩቡን መሳሳት ነው።

ግፊት ለምን አይበቃም? መኪናው ጠፍቶ ሲለካ ጌጁ የሚያሳየው የጋዙን ሙቀት እንጂ መጠኑን አይደለም። በአዳማ ከፍታ አር 134ኤ በ20 ዲግሪ ወደ 71፣ በ25 ዲግሪ ወደ 84፣ በ30 ዲግሪ ወደ 100 ፒኤስአይ ያሳያል፤ ውስጡ 150 ግራምም ይኑር 600 ግራም፣ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ቁጥሩ አንድ ነው። ሞተሩ እየሠራ የሚለካውም ቢሆን ከአየሩ ሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል። ማለዳ 18 ዲግሪ ላይ «ቀዩ 200 እስኪደርስ» ተብሎ የተሞላ መኪና ቀትር ላይ ከ300 ያልፋል።

በመስመሩ ላይ ባለችው ትንሽ ማያ መስታወት አረፋ ማየትም ያታልላል። ድራየሩ ከኮንደንሰሩ ጎን ተያይዞ በተሠራባቸው መኪኖች አረፋው የሚጠፋው ጋዙ ሙሉ ከመሆኑ በፊት ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ወይም ጣሳው ዲጂታል ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ በቢጫው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ጋዝ ለቅቆ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በቀዩ በኩል የሚገባውን ያህል ይግባ፤ ከዚያ ቀዩ ይዘጋ። ሞተሩ ይነሳና ቀሪው በሰማያዊው በኩል፣ ጣሳው ቀጥ ብሎ ቆሞ በጋዝ መልክ ቀስ እያለ ይግባ። ጣሳውን መገልበጥ ፈሳሹን ወደ ኮምፕረሰሩ ይልካል፤ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም፣ ቫልቮቹን ይሰብራል። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን ቫልቭ መክፈት ፈጽሞ አይደረግም፤ ግፊቱ ወደ ጣሳው ተመልሶ ያፈነዳዋል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ይህ ጋዝ በአየር ላይ ሲለቀቅ ወደ 26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ዓይን ያጠፋል።

ጣሳ ሲገዙ ክብደቱን ያንብቡ። 200፣ 300፣ 340 ግራም የሚሉ ሁሉ ስላሉ «ሁለት ጣሳ አስገባሁ» የሚለው አነጋገር ለቀጣዩ ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

አዲስ ኮምፕረሰር ሲገጠም ዘይት ይጨመራል ወይስ ከነዘይቱ ይመጣል?

አብዛኞቹ ከነዘይታቸው ይመጣሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ በውስጡ ያለው ዘይት ለመላው መስመር የሚበቃ ነው፣ የመኪናው ቱቦ፣ ኮንደንሰርና ኢቫፖሬተር (የካቢኑን አየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ውስጥ ደግሞ የድሮው ዘይት አለ። እንዳለ ከተገጠመ ዘይቱ ይበዛል። የበዛው ዘይት የኢቫፖሬተሩን ግድግዳ ውስጥ ውስጡን ይለብስና ሙቀት እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ጌጁ ደህና የሚመስል፣ ነፋሱ ግን 15 እና 16 ዲግሪ ላይ የሚቀር መኪና ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

አሮጌውን ኮምፕረሰር ገልብጠው፣ ዘንጉን በእጅ እያዞሩ ዘይቱን ወደ መለኪያ ብልቃጥ ያፍስሱ። 45 ሚሊ ሊትር ወጣ እንበል። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለቀረው 10 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ 55 ሆነ። አዲሱ ውስጥ 120 ካለ፣ 65ቱን ቀድተው 55ቱን ያስቀሩ። ኮንደንሰርም አብሮ ከተቀየረ ከ30 እስከ 40፣ ኢቫፖሬተር ከተቀየረ ከ30 እስከ 50፣ ድራየር ከተቀየረ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይመለሳል፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱ ይበልጣል። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከታጠበ ብቻ ነው ኮምፕረሰሩ ከነሙሉ ዘይቱ የሚገጠመው።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። ፓግ 46፣ ፓግ 100 እና ፓግ 150 ውፍረታቸው ይለያያል፤ በኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። የዴንሶ ኮምፕረሰሮች ላይ ኤንዲ 8 የሚል ካለ የፓግ 46 ቤተሰብ ነው። የሞተር ዘይት ወይም የቤት ፍሪጅ ዘይት አይሆንም። ፓግ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ፣ ግማሽ ቢኖረውም፣ ቢጣል ይሻላል።

ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የክላቹን ሳህን በእጅ አሥር ጊዜ ያህል ያዙሩ። በሲሊንደሮቹ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት በመጀመሪያው ዙር እንዳይመታ ነው።

የድሮው ኮምፕረሰር ነክሶ (ውስጡ ተጣብቆ) ነበር የቆመው። ድራየሩንና ኮንደንሰሩን ሳልቀይር ማጠብ ይበቃል?

የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡ። ንጹሕ ወይም ቢጫ ከሆነ ዕድል አለ። ግራጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ካለበት ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ብናኙ መስመሩን ሁሉ ሞልቷል፤ አዲሱ ኮምፕረሰር በዚያ ላይ ከተገጠመ በአጭር ጊዜ ይከተለዋል።

ቱቦዎችና ኢቫፖሬተር ይታጠባሉ። ኮምፕረሰር፣ ድራየርና ኤክስፓንሽን ቫልቭ አይታጠቡም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ይቀየራሉ። ክርክር የሚነሳው በኮንደንሰሩ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ኮንደንሰሮች ብዙ ቀጫጭን ቦዮች ጎን ለጎን የተደረደሩባቸው ናቸው፤ ማጠቢያው በተከፈቱት ቦዮች ያልፋል፣ የተዘጉት እንደተዘጉ ይቀራሉ። ስለዚህ ብናኝ ያገኘው ኮንደንሰር መቀየር አለበት፤ ወጪው ይከብዳል፣ ግን ከሁለተኛ ኮምፕረሰር ያነሰ ነው።

በቤንዚን ወይም በቲነር የማጠብ ልማድ ይቅር። ቅሪቱ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፣ ኦሪንጎቹን (የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበቶቹን) ያሳብጣል፣ በተዘጋ ቦታ ደግሞ እሳት ነው። ለኤሲ የተሠራ ማጠቢያ ተጠቅመው በደረቅ ናይትሮጅን ይንፉት። ከጎሚስታ ኮምፕረሰር የሚመጣው አየር ውሃ አለበት።

ድራየርን በተመለከተ መስመሩ ለዕቃ ቅየራ በተከፈተ ቁጥር ይቀየር። በውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ አየር ላይ ተከፍቶ ሲቆይ ይሞላል፤ የአዲሱንም መዝጊያ መንቀል የሚገባው ሌላው ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ፣ ቫኪዩም ከመጀመሩ ጥቂት ደቂቃ በፊት ነው።

ክላቹ ጨርሶ አይነሳም። ጋዝ ግን ተሞልቷል።

መጀመሪያ ፊውዝና ሪሌ። ቀጥሎ የክላቹን ሶኬት ነቅለው ኤሲው በርቶ ሳለ በቴስተር ይለኩ። 12 ቮልት ከመጣ ችግሩ ክላቹ ጋ ነው፤ ኮይሉ ደህና ከሆነ ከ3 እስከ 5 ኦም ያነብባል፤ ጨርሶ ካላነበበ ተበጥሷል። ቮልቱ ካልመጣ ወደ ኋላ ይሂዱ፦ የግፊት ስዊች፣ የኢቫፖሬተር ሙቀት ሴንሰር፣ የኤሲ ቁልፉ።

በብዙ ቶዮታዎች የግፊት ስዊቹ ከ28 ፒኤስአይ በታች እና ከ455 ፒኤስአይ በላይ ይቆርጣል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ክላቹን ማስነሳት ለአፍታ ለመፈተን ካልሆነ እንዳይደረግ፤ ጋዝ በሌለበት ዘይትም ወደ ኮምፕረሰሩ ስለማይመለስ በደረቁ ይነክሳል። እንደዚያ ተገናኝቶ የቀረ ሽቦ ያለበት መኪና ከገዙ ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ እሱን ያንሱ።

ቮልቱ መጥቶ፣ ኮይሉም ደህና ሆኖ ክላቹ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ የሞቀው ኮይል ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ከሳህኑ ሥር ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዷን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ስነዳ ይቀዘቅዛል፣ ፍራንኮ ወይም መናኸሪያ አካባቢ ስቆም ሙቅ ይሆናል።

የኮንደንሰር ፋን። በጉዞ ላይ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም ሥራው የፋኑ ብቻ ነው። ፋን ወይም የፋን ሞተር በቅርቡ ከተቀየረ በቀጥታ አዟዟሩን ይፈትኑ፦ ቀጭን ወረቀት ከኮንደንሰሩ ፊት ያስጠጉ፤ ወረቀቱ መጣበቅ አለበት። ከተገፋ ሽቦዎቹ ተገላብጠው ተሰክተዋል፣ ፋኑ ወደ ፊት እየነፋ ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር በኮንደንሰርና በራዲያተር ዙሪያ ያሉት ፕላስቲክና ላስቲክ መከለያዎች ናቸው። ኮንደንሰር ሲቀየር ተነቅለው ጥግ ይጣላሉ። ያለ እነሱ ፋኑ ከኮንደንሰሩ በኩል ከሚስብ ይልቅ ከጎን ያለውን የሞተር ሙቅ አየር መልሶ ያዞራል። የአዳማ ነፋስና አቧራም ድርሻ አለው፤ በኮንደንሰሩ ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ ዝቅ ባለ የውሃ ግፊት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት። የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል።

ለግማሽ ሰዓት በደንብ ይቀዘቅዝና ይጠፋል።

ሁለት የተለያዩ በረዶዎች አሉ። ነፋሱ ራሱ እየደከመ ከሄደና ኤሲውን ለአሥር ደቂቃ ሲያጠፉት ከተመለሰ ኢቫፖሬተሩ ላይ ከውጭ በረዶ ጋግሯል። ኢቫፖሬተር ከተቀየረ በኋላ የሙቀት ሴንሰሯ በቦታዋ አልተሰካችም፣ ወይም ከክንፎቹ ወጥታ ተንጠልጥላለች። በብዙ ቶዮታዎች ይህች ሴንሰር በ25 ዲግሪ 1.5 ኪሎ ኦም ገደማ ታነባለች፣ ስትቀዘቅዝም ቁጥሩ ይጨምራል። የካቢን ፊልተር በአቧራ ሲዘጋም ተመሳሳይ ውጤት ይመጣል፤ እሱን ማየት ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ከሴንሰሩ ይቅደም።

ነፋሱ ሳይደክም ሙቅ ከሆነና ሰማያዊው መርፌ ወደ ዜሮ ወርዶ ቆይቶ ከተመለሰ ግን በረዶው ውስጥ ነው፦ በመስመሩ የቀረ እርጥበት ኤክስፓንሽን ቫልቩ ጋ ሲደርስ ይጋግራል፣ ይዘጋል፣ ሲቀልጥ ይከፍታል። መፍትሔው ጋዙን አውጥቶ ድራየር መቀየርና ቫኪዩሙን እንደገና በትክክል ማድረግ ነው። ጋዝ መጨመር ምንም አይጠቅምም።

አዳማ ላይ ይሠራል፣ አዋሽን አልፌ ሚሌ ስደርስ ይተወኛል።

በ28 ዲግሪ ተፈትኖ «ደህና ነው» የተባለ ኤሲ በ42 ዲግሪ ሌላ ፈተና ነው የሚጠብቀው። እዚህ 220 የነበረው ቀዩ ጌጅ እዚያ ከ300 በላይ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ጋዙ ከበዛ፣ አየር ካለበት ወይም ፋኑ ከደከመ ግፊቱ ስዊቹ እስኪቆርጥ ይደርሳል። ቀዝቀዝ ሲል መልሶ ይነሳል፣ ባለቤቱም አዳማ ተመልሶ ሲያሳየው ምንም አይገኝም።

ከመነሳትዎ በፊት መሞከር ይቻላል። ጌጁ እንደተሰካ ኮንደንሰሩን በካርቶን ቀስ በቀስ ከፊሉን ሸፍነው ቀዩን ወደ 280 ያድርሱትና አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ክላቹ ካልለቀቀ፣ ሰማያዊውም ከ50 ካላለፈ መንገዱን ይችላል። ዓይን ከጌጁ አይነሳ፤ 350 ሳይደርስ ካርቶኑ ይነሳ።

የጭነት መኪና ነጂዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያረጋግጡ። ሲኖትራክን የመሰሉ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ክላች ያለው ኮምፕረሰር በመልክም በብሎንም ይገጥማል፤ ኮይሉ ግን ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ሪሌም እንደዚሁ።

ጋዙ በየወሩ ያልቃል። ሊኩን እንዴት ላግኘው?

ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ካለቀ የሆነ ቦታ ወጥቷል። ዘይት አብሮት ስለሚወጣ በመጋጠሚያ ላይ የተጣበቀ እርጥብ አቧራ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ዕቃ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የተነኩትን መጋጠሚያዎች ይመልከቱ፦ ኦሪንጉ ደረቅ ሆኖ ገብቶ ተቆርጧል፣ የድሮው ተመልሷል፣ ወይም ለመጸዳጃ ቧንቧ የሚሸጥ ተራ ጎሚኒ ገብቷል። ለአር 134ኤ የተሠራው ኦሪንግ በኤሲ ዘይት ረጥቦ ይገባል። የመሙያ ቫልቮቹን መዝጊያ ካፖችም አይናቁ፤ ውስጠኛው ስፒል ትንሽ ቢያፈስ የሚይዘው ካፑ ነው።

ቫኪዩም መያዙ ሊክ የለም ማለት አይደለም። ቫኪዩም ቱቦውን ከውጭ በ12 ፒኤስአይ ብቻ ይጫነዋል፣ በሥራ ላይ ያለው ግፊት ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ 200 ነው። ትክክለኛው ፈተና በደረቅ ናይትሮጅን 150 ፒኤስአይ ሞልቶ በሳሙና አረፋ መፈለግ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ካልወረደ ጥሩ።

ኦክስጅን በፍጹም። ጋራዡ ውስጥ ለብየዳ የሚሆን ሲሊንደር አጠገብ ስላለ ብቻ በእሱ የሚፈትኑ አሉ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕረሰር ላምጣ ወይስ አዲስ ኮፒ ልግዛ?

ያገለገለ ኦርጅናል፣ አፎቹ በክዳን ተዘግተው የተቀመጠ ከሆነ፣ ርካሽ ኮፒን ያስንቃል። አፎቹ ተከፍተው ዝናብና አቧራ ላይ የዋለውን ግን በነጻም አይውሰዱት። ሳህኑን በእጅ ሲያዞሩት ለስላሳና ወጥ የሆነ ተቃውሞ ሊኖረው ይገባል፤ የሚያንቀጫቅጭ ወይም ልክ እንደ ባዶ የሚሽከረከር ከሆነ ይለፉት። አፉን በአውራ ጣት ዘግተው ሲያዞሩት መግፋት አለበት። ፑሌጃውን ብቻውን ያሽከርክሩት፤ የሚያፏጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የፑሌጃው የቦይ ብዛት ከቺንጋዎ ጋር እኩል መሆኑንም እዚያው ይቁጠሩ።

የገዛሁት ጋዝ እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይተው ሙቀቱንና ግፊቱን ይለኩ። በ25 ዲግሪ አዳማ ላይ ወደ 84 ፒኤስአይ ካነበበ ከአር 134ኤ ጋር ይስማማል። 125 ካሳየ ፕሮፔን፣ 140 ገደማ ካሳየ አር 22 ወይም ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ሁሉንም አያጣራም፤ አር 12 ለምሳሌ በጣም ተቀራራቢ ግፊት አለው። የማይስማማውን ግን በእርግጠኝነት ይጥላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ኤሲ ላይ ይኸው አሠራር ይሠራል?

ቫኪዩሙና ሚዛኑ ያው ነው፣ ዘይቱ ግን አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። በኤሌክትሪክም ሆነ በሃይብሪድ መኪና ኮምፕረሰሩ በብዙ መቶ ቮልት ይዞራል፤ የሞተሩ ጥቅልል ዘይቱ ውስጥ ስለተነከረ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የፒኦኢ ዓይነት፣ ለምሳሌ ኤንዲ 11፣ መሆን አለበት። ፓግ ዘይት ትንሽ እንኳ ከገባ መኪናው የኤሌክትሪክ ማምለጥ አለ ብሎ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ለቪትዝ ያገለገለው የጌጅ ቱቦ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ጭምር ትቆጠራለች፤ ለእነዚህ መኪኖች የተለየ ቱቦ ይያዝ። ብርቱካናማ ሽቦዎችን ሥልጠና የሌለው ሰው አይንካ። በብዙዎቹ ላይ ይኸው ኤሲ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ የጋዝ ማነስ በፈጣን ቻርጅ ላይ ሊታይ ይችላል። ምልክቱ ላይ አር 1234ዋይኤፍ ከተጻፈ ደግሞ መሙያ አፉም ዘይቱም የተለየ ነው፣ በ134ኤ አይተካም።

ግፊቱ ልክ ነው፣ ቱቦው ቀዝቃዛ ነው፣ ከክሩስኮቱ የሚወጣው ግን ሙቅ ነው።

ኤሲው ሠርቷል፤ ሙቅ ውሃ እየተቀላቀለበት ነው። ኢቫፖሬተር ለመቀየር ክሩስኮቱ ሲፈታ የሙቅና ቀዝቃዛ መቀያየሪያዋ በር ገመድ ወይም ሞተር ተሳስቶ ይገጠማል። ለማረጋገጥ ወደ ሂተሩ የሚገባውን የውሃ ጎማ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ቀስ ብለው ይጭመቁና ኤሲውን ያብሩ። ነፋሱ ከቀዘቀዘ በሩ ጋ ነው ችግሩ።

ኢቫፖሬተር ከተቀየረ ወዲህ የተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ አለ።

የማፍሰሻ ቱቦዋ በቦታዋ አልገባችም ወይም ተጣምማለች። ቱቦዋን ከሞተሩ ክፍል በኩል ፈልገው ያስተካክሉ፣ ምንጣፉንም አንስተው ያድርቁት፤ ካልደረቀ ይሸታል። ውሃው ከመኪናው ሥር መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ተገቢው ቦታ ላይ ነው።